የግራዝማች ይግዛው የፍች ነገር

የካቲት ፲፱፻፹፱ ዓ.ም. በጋው ጠንክሮ ነበር፤ ከቢቸና በታች የሚወርደው ወንዝ ፍሰቱ ቀጥኖ በየጎድጓዳው ኩሬ ሠርቶ፣ በየኩሬውም የውሃ አበባ፣ ነጩም ሰማያዊውም፣ በሰፋፊ ቅጠሎቹ መካከል ፈክቶ ይታይ ነበር። በዚያ ወራት የመሬት ድልድል ታውጆ፣ አገሬው ስለ ጥማድና ስለ ድንበር እንጂ ስለ ሌላ አያወራም ነበር።

ግራዝማች ይግዛው በንጉሡ ዘመን አጥቢያ ዳኛ ስለ ነበሩ «ቅሪተ ፊውዳል» ተባሉ፤ በዚህ ስም ለተጠራ ሰው ከአራት ጥማድ፣ ከአንድ ሄክታር ያህል መሬት፣ በላይ አይፈቀድለትም። አንድ ማለዳ የድልድሉ ኮሚቴ ጸሐፊ የሆነው፣ እንዳለው የሚባል የወንድማቸው ልጅ መጥቶ፣

«አጎቴ፣ ቅሪት የተባሉት እርስዎ እንጂ እትዬ አሰጋሽ አይደሉም። በወረቀት ቢፋቱ ለብቻቸው ይደለደላሉ። ነገ ስብሰባው ሳይጀመር ይንገሩኝ» ብሏቸው ሄደ።

ግራዝማች የሰባ ዓመት ሰው ነበሩ፤ ልባቸው መድከሙን ከማንም አስቀድመው ያውቁታል። በዚያው ረፋድ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አሰጋሽን «ተነሺ፣ ወንዝ ለወንዝ እንሂድ» አሏቸው። በአርባ ሦስት ዓመት ትዳር ሥራ ፈትተው አብረው ሲንሸራሸሩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ወይዘሮ አሰጋሽም ነጠላቸውን አጣፍተው ምንም ሳይጠይቁ ተከተሉ።

ግራዝማች ነገሩን ሊጀምሩ አፋቸውን ይከፍቱና ስለ ቄጠማው፣ ስለ ወፉ ያወራሉ። በመጨረሻ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ኩሬው ገቡ።

«ምን ሊያደርጉ ነው፣ ግራዝማች? ጉልበትዎን ሊሰብሩት?»

«አበባ ልቆርጥልሽ።»

«በስተርጅና!» ወይዘሮ አሰጋሽ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ።

ግራዝማች ጀርባቸውን እንደ ሰጡ፣ አንዱን አበባ ከአገዳው ይዘው፣

«አሰጋሽ፣ እንፋታ» አሉ።

ሳቁ ቆመ። ግራዝማችም የወንድማቸው ልጅ የነገራቸውን አንድ በአንድ ነገሯቸው፤ «ወረቀት ብቻ ነው፤ ከቤት የሚወጣ የለም። እኔ ካለፍሁ በኋላ የሰው እጅ እንዳታዪ ብዬ ነው።»

 ከኋላቸው ውሃው ተንቦጫረቀ፤ ወይዘሮ አሰጋሽ ከነቀሚሳቸው ገብተው የግራዝማችን የእጅ አንጓ ያዙ። ከታጩ ጀምሮ ከግራዝማችና ከአንቱ ሌላ ጠርተዋቸው አያውቁም ነበር።

«ይግዛው» አሉ። «ሥጋ ወደሙ ተቀብለን የታሰርነውን፣ በኮሚቴ ፊት ቆሜ ቀርቷል ልበል? መሬቱን ይውሰዱት። አንተን ግን በወረቀትም ቢሆን አልሰጥም።»

ግራዝማች የያዙትን አበባ ቆረጡ። አበባውን በእርጥብ እጃቸው ሰጧቸው፤ ተደጋግፈውም ወጡ።

በማግስቱ ስማቸው ሲጠራ ግራዝማች «ባለትዳር ነኝ» አሉ፤ ጸሐፊው እንዳለው ቀና ብሎ አያቸውና ጻፈ። ከአራት ጥማድ የተረፈው የወንዝ ዳር ማሳቸው ከጦር ሜዳ ተመልሶ ያለ መሬት ለቀረው ለጎረቤታቸው ለፋንታ ደረሰ፤ ወይዘሮ አሰጋሽም «ምርቱን ያብዛልህ» አሉት። ግራዝማች ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ብቻ ቆዩ። ወይዘሮ አሰጋሽ አራቱን ጥማድ በእኩል እያሳረሱ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሩ፤ ጎተራው በሐምሌ ባዶ የሚሆንበት ዓመት ነበር፤ ሲጸጸቱ ግን የሰማቸው የለም።

ስለዚያ ድልድል ብዙ ተብሏል፤ ተበደልን የሚሉም፣ መሬት አገኘን የሚሉም እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። የቀበሌው መዝገብ ስለ ግራዝማች ይግዛው የያዘው ግን ይህን ብቻ ነው፤ «ቅሪተ ፊውዳል፤ ባለትዳር፤ አራት ጥማድ።» መካከለኛይቱ ቃል በምን ዋጋ እንደ ተጻፈች መዝገቡ አይናገርም።