የሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረቱ ፉርጎ

ድሬዳዋ ምሳዋን በልታ ስትተኛ፣ ውብዓለም የሳሎኑን መስኮት ለሙቀቱ ዘግታ፣ በስንጥቁ በምትገባው ቀጭን ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ፉርጎ ትሠራለች። ከሳሙና ሳጥን እንጨት የተሠራ፣ ክንድ የማይሞላ የዕቃ ፉርጎ ነው። የባቡር ፍቅር ይዟት እንዳይመስላችሁ! አባቷ አቶ ሳህሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፉርጎ ሲጠግኑ ኖረው፣ ዛሬ የገዛ ልጃቸውን ረስተዋል። ጠዋት ጠዋት «አንቺ ማነሽ?» ይሏታል። ፉርጎውን ሲይዙ ግን አፋቸው ይፈታል። እንዲህ እንዲህ እያሉ አንድ ቀን ስሜን ይጠሩኝ ይሆናል ብላ ነው፤ ሌላ ምኞት የላትም።

«ሃምሳ ሰባት ነው የምልሽ» አሉ አቶ ሳህሌ፣ የፉርጎውን በር በጣታቸው እየዳበሱ። «በሃምሳ ሰባት መወርወሪያው በዚህ በኩል አልነበረም። አንሺው።»

አነሳችው። ጓዳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም የሚውለው ፍሪጅ ዝም አለ። መብራት ሄደ እንግዲህ፣ ምን አዲስ ነገር አለው! ሲጠማት ገብታ ብታይ፣ ፍሪጁ በነበረበት ቦታ ሆዱ የረጠበ፣ እርጥብ አፈር አፈር የሚሸት እንስራ ተቀምጦ ጠብ፣ ጠብ ይላል። መጮህ ነበረባት። ግን በሽተኛ ሲያስታምሙ መኖር ሰውን ያደነዝዛል፤ ቀድታ ጠጣችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«ቀለሙም አመድማ ነበር እንጂ ቀይ አልነበረም» አሏት።

አመድማ ቀባችው። በማግስቱ ጠዋት ግቢውን ሙሉ ያጠላ የነበረው የኒም ዛፍ ከጉልበቷ አያልፍም። ባቡር መምጣት ካቆመ ዓመታት ካለፉት ከለገሃር በኩል ደግሞ፣ ፉርጎዎች እርስ በርስ ሲጋጩ የሚሰማው ያ ከባድ ድምፅ፣ ከተቃጠለ ዘይት ሽታ ጋር እየተንከባለለ ግቢው ድረስ ገባ። አቶ ሳህሌ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ቆልፈው፣ እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ ቁርሳቸውን በሉ። ውብዓለም ያየችው ይሄንን ብቻ ነው። አባቱ ሲሻለው እያየ ማን እጁን ይሰበስባል?

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ሃሊማ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። የውብዓለምን አብሮ አደግ ወልዳ ያሳደገች ትልቅ ሴት ነበረች፤ አሁን ፊቷ ላይ አንድ መጨማደድ አይታይም።

«ማንን ፈልገሽ ነው እህቴ?»

«ሃሊማ፣ አቦ አትቀልጂብኝ!»

«የሳህሌ እንግዳ ነሽ?» አለቻትና መልሱን ሳትጠብቅ ዞር አለች። ውብዓለም ያኔ እንኳን አልደነገጠችም፤ ወደ ፉርጎው ተመለሰች።

«ሁሉም ደህና፤ የፍሬን ያዡ ጎጆ ብቻ ቀርቷል» አሉ አባቷ። «ከኋላ፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ።»

ጎጆዋን ሠርታ በማጣበቂያ አስያዘቻት። ማጣበቂያው አልሸተታትም። መቀሱን ስታስቀምጠው ጠረጴዛው ድምፅ አላሰማም። አቶ ሳህሌ ፉርጎውን ወደ መስኮቱ ስንጥቅ አንስተው፣ አገላብጠው አዩት። ፀጉራቸው ጠቁሯል፤ ዓይናቸው ጥርት ብሏል።

«ይኸው! አሁን ልክ ሆነ።»

ውብዓለም እግራቸው ሥር ተንበረከከች። «አባባ፣ እኔ ማነኝ?»

በእሷ አልፈው ወደ ጓዳው በር አዩ። በጨለማው ውስጥ የሳህን ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ እናቷ አስካለ፣ በገዛ እጇ አፈር ያለበሰቻት እናቷ፣ የሃያ ዓመት ሴት ሆና እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ወጣች።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከማንም፤ ብቻዬን ነኝ» አሉ አቶ ሳህሌ፣ ፉርጎውን እያቀበሏት። «እንዴት ነው፣ አስካለ? እግዜር ሴት ልጅ ከሰጠን ትጫወትበታለች፤ ስሟንም ውብዓለም ነው የምላት።»