ባንዲራው ወደ ቀኝ፣ ጭሱ ወደ ግራ

ሰውየውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሎሚ እንደነከሰ ሰው ፊቱን አጨማዶ ነው። አክስቴ ፎቶ ቤቷ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጣው «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ፣ አዎ እንደሱ» ስትለው ደህና ነበር። ልክ ልታነሳው ስትል ፊቱ ተኮማተረ። ደገመችው፣ ተኮማተረ። ሠለሰችው፣ ባሰበት።

«ያምሃል እንዴ ልጄ?» አለችው።

«ደህና ነኝ እማማ። ፒያኖው ነው።»

ሁለት ጥፋት ባንድ ትንፋሽ! አክስቴ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ፀጉሯን በየሁለት ሳምንቱ ጥቁር ትቀባለች፣ «እማማ» ያላትን ሰው ደግሞ በቀላሉ አትለቅም።

«እማማ አያትህ! ፒያኖው ደግሞ ምን አደረገህ?»

የፎቶ ቤታችን ፒያኖ ተጫዋች ኖሮት አያውቅም። ደንበኞች ጣታቸውን ቁልፎቹ ላይ ጣል፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ፎቶ የሚነሱበት የጌጥ ዕቃ ነው። አክስቴ ደግሞ በቀኝ እጇ ካሜራውን ስትጫን ግራ እጇ ሥራ ፈትቶ አይቆምም። አጠገቧ ያገኘችውን ሁሉ በጨርቅ ትወለውላለች። አጠገቧ ያለው ፒያኖው ነው። እሷ በወለወለችው ቁጥር ፒያኖው ጅራቱን እንደተረገጠ ድመት ይጮኻል። እኛ ለምደነዋል።

«ፒያኖ ቃኚ ነኝ እትዬ» አለ ሰውየው ጥፋቱን ቶሎ አርሞ። «ከከተማ ከተማ እየዞርኩ ነው የምሠራው። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ፈልጌ ነበር። ይሄ ነገር እንዲህ እየጮኸ ግን ፊቴ እሺ አይለኝም። ከፈቀዱልኝ በነፃ ልቃኝልዎ።»

«በነፃ» የሚለው ቃል «እማማ»ን አስረሳት። በማግስቱ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ ሲመጣ «ጆሮው» ብላ ስም አወጣችለት። እስከዛሬም በሌላ ስም አትጠራውም።

እኔ የፎቶ ቤቱ ሠዓሊ ነኝ። ከደንበኞች ጀርባ የሚዘረጉትን መጋረጃዎች፣ ፏፏቴውን፣ የአበባውን ሜዳ፣ ባሕሩን፣ የሣልኳቸው እኔ ነኝ። ጆሮው በመጣ ጊዜ ግን ሥራዬን ትቼ ነበር። እናቴ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗታል፤ በስምንቱም ወር አንድ መስመር አልሣልኩም። አልቅሼ ቢወጣልኝ ጥሩ ነበር፣ ዕንባም አልመጣልኝም። ጠዋት ቀለም እበጠብጣለሁ፣ እስኪደርቅ ድረስ አየዋለሁ፣ ከዚያ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። አክስቴ መጀመሪያ አባበለችኝ፣ ቀጥላ ተቆጣችኝ፣ በመጨረሻ ቀን ቆረጠችልኝ። የባሕሩ መጋረጃ ተላልጧል። እስከ ወሩ መጨረሻ አዲስ ካልሣልኩ ከፋብሪካ የታተመ ልትገዛ ነው።

ከሁሉም መጋረጃ የእናቴ ያ ባሕር ነው። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። እናቴ ግን ልጃገረድ ሳለች አንድ ጊዜ ብቻዋን ባቡር ተሳፍራ ሄዳ አይታ ተመልሳለች። መጋረጃውን የሣልኩት አጠገቤ ቁጭ ብላ እየነገረችኝ ነው። «ዳር ላይ ግንብ አለ። ግንቡ ላይ ባንዲራ አለ፣ ወደ ቀኝ ይውለበለባል። አንዲት ነጭ መርከብ ወደ ቀኝ እየሄደች ነው፣ ጭሷ ወደ ግራ ተጋድሟል። እንደሱ አይደለም፣ ትንሽ ዝቅ አድርጊው።» ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ አንድም ቀን አምናት አታውቅም። «እህቴ ባሕር ያየችው ካላንደር ላይ ነው» ትላለች። እናቴ ትስቅ ነበር እንጂ አትከራከራትም።

ጆሮው የፒያኖውን ሆድ ከፍቶ አንድ ክር ይነካል፣ ያዳምጣል፣ የመቃኛ ቁልፉን ዞር የማለት ያህል ያዞራል፣ እንደገና ያዳምጣል። እኔ ጥግ ላይ ባዶ ሸራዬ ፊት ተቀምጬ ሳላውቀው አንጎራጉራለሁ።

«ይቅርታ» አለኝ በሁለተኛው ቀን፣ በትልቅ ትሕትና። «የሚያንጎራጉሩት... እባክዎ ዜማው ላይ ቢቆዩልኝ።»

«የት ሄድኩ?»

«ወጥተዋል። ከወጡም ቆይተዋል።»

«ታዲያ አይስሙኝ!»

«ብችል ደስ ባለኝ» አለ፤ እያሾፈ አልነበረም። «እኔ ሙዚቃ ስሰማ ስህተቱ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ባለፈው ዓመት አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ‹ሁለተኛው ቫዮሊን ወርዷል› እያልኩ ጥርሴን እነክስ ነበር። ሙዚቃ ሰምቼ ደስ ካለኝ ስንት ዓመቴ!»

አሳዘነኝ። አንጀቴን ሊበላኝ ምንም ሳይቀረው ቀና ብሎ ባሕሩን አየ።

«ይሄ ደስ ይላል። ማን ነው የሣለው?»

«እኔ።»

«ነፋሱ ግን ተሳስቷል።»

«ምኑ?»

«ባንዲራው ወደ ቀኝ፣ ጭሱ ወደ ግራ። ነፋስ ደግሞ ባንድ ጊዜ በሁለት አቅጣጫ አይነፍስም።»

አክስቴ ከጓዳ ጮኸች፤ «አላልኩም? ካላንደር ነው!»

ስምንት ወር ሙሉ እንቢ ያለኝ ዕንባ ያን ጊዜ መጣ። እናቴ ያየችውን ካላየች፣ አጠገቤ ተቀምጣ የነገረችኝ ሁሉ ምን ነበር? ዛሬ ልጠይቃት አልችልም። እስካሁን ያልሞተች ይመስል፣ የሞተችው ገና አሁን ሆነብኝ። ጆሮው የሚሠራው ጠፋው። ኪሱን ዳበሰ፣ ቦርሳውን ዳበሰ፣ በመጨረሻ ክሮቹን ለማፈን የሚጠቀምበትን ቀይ ጨርቅ አቀበለኝ። ተናፈጥኩበት።

«እናቴ ናት የነገረችኝ» አልኩት። «አይታዋለች። አንተ ማን ነህና!»

አንተ ማለቴን ሁለታችንም ሰማን። አየኝ፣ እኔም አየሁት፤ ከዚያ ሁለታችንም ፒያኖውን አየን።

«ባቡር አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ሄደን እንየው።»

«ማንና ማን ነው የምትሄዱት?» አለች አክስቴ በሩ ላይ ብቅ ብላ።

«ሦስታችን!» አለ ጆሮው፣ ባንዴ ገርጥቶ።

ውርርድ ገባን። እሱ ካሸነፈ ጭሱን አስተካክላለሁ። እኔ ካሸነፍኩ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስዘፍን ፊቱን ሳያጨማድድ ይሰማኛል።

«እሱማ ግድያ ነው» አለ።

ሳቅሁ። አክስቴ ሳቄን ሰምታ ጨርቋ እጇ ላይ ቀረ።

እሑድ ጠዋት ተሳፈርን። አክስቴ ሃያ የተቀቀለ እንቁላል በከረጢት ይዛ መሃላችን ተሰየመች። ጆሮው ወደኔ ዞር ባለ ቁጥር አንድ እንቁላል ታቀብለዋለች፤ በሞላ አፍ ደግሞ ወሬ የለም።

«አንቺ እዚህ ድረስ መጥተሽ...» ይጀምራል።

«ብላ እንጂ ጆሮው፣ ከስተሃል።»

ሰባት እንቁላል በላ። በሰባቱ መሃል ባገኘናት ክፍተት ግን እሱ ነጠላ ጫማ እንደማይወድ፣ የራሱ ቤት እንደሌለው፣ በሄደበት ከተማ ሁሉ ከሦስት ቀን በላይ እንደማይቆይ ነገረኝ። በመስኮቱ ዛፍና ሜዳ ያልፋል። እኔ ሳላስበው አረንጓዴው ስንት ዓይነት እንደሆነ እቆጥር ነበር፤ ይሄ ከስምንት ወር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ባሕሩን ሳይ ያልኩት «በቃ?» ነው። የኔ ይበልጥ ሰማያዊ ነበር። ቆይቶ ግን ስፋቱ ገባኝ።

ዳር ላይ ግንብ አለ። ግንቡ ላይ ባንዲራ አለ፣ ወደ ቀኝ ይውለበለባል። ከፊቱ አንዲት ነጭ መርከብ ቆማለች። ጭሷ ወደ ቀኝ ተጋድሟል።

እንደ ባንዲራው፣ ወደ ቀኝ። ሌላ ትርጉም አልነበረውም። አክስቴ እንኳ ካላንደሩን አላነሳችም። ጆሮውን አየሁት፤ ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረውም።

«ተሸነፍኩ» አልኩ።

«ምነው ምላሴን በቆረጠው» አለ። «ምናለ ፒያኖዬን ብቃኝ!»

መርከቧ ጮኸች። ጆሮው እንደ ልማዱ ፊቱን አጨማደደ። መርከቧ ወደ ቀኝ ተንቀሳቀሰች፣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ፈጠን እያለች። ጭሱ ቀና ማለት ጀመረ። ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ግራ ተጋደመ። ባንዲራው ግን አሁንም ወደ ቀኝ ይውለበለባል።



«ነፋሱን ቀደመችው!» አለ ጆሮው። «መርከቧ ከነፋሱ ፈጠነች፣ ጭሱ ወደኋላ ቀረ! እንዴት ይሄ አልታየኝም? ሥዕሉ ላይ እኮ እየሄደች ነው!»

አክስቴ ግንቡ ላይ ቁጭ አለች። ከረጢቷን ታቅፋ እንደ ሕፃን አለቀሰች። «አይታዋለች» አለች። «እህቴ አይታዋለች። ዕድሜ ልኳን ሳሾፍባት ኖርኩ!»

ሄጄ አቀፍኳት። እናቴ እዚህ ቆማ ነበር፤ እኔ በቆምኩበት፣ ምናልባትም በኔ ዕድሜ። የነገረችኝ ሁሉ እውነት ነው። ለሷ ማልቀስ እንዲህ ደስ ይላል ብሎ ማን ይገምታል? ጆሮው ቀዩን ጨርቅ አወጣና ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገብቶት ቆመ።

ስንመለስ ዕዳውን ከፈለ። እናቴ ልብስ ስታጥብ የምትዘፍነውን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሰው በሞላው ባቡር ውስጥ ዘፈንኩለት። ከፊታችን የነበሩት ሴትዮ ቦታ ቀየሩ። የባቡሩ ተቆጣጣሪ የታመመ ሰው አለ እንዴ ብሎ መጣ። ጆሮው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊቱን ሳያንቀሳቅስ ተቀመጠ። ሁለተኛው አዝማች ላይ አገጩ ተንቀጠቀጠ። አበቃለት ስል ዓይኑ ዕንባ ሞልቷል።

«ስንት ቦታ ወጣሁ?» አልኩት ስጨርስ።

«አልቆጠርኩም።»

ከዚያ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ወደድኩት። የዚያኑ ጊዜ፣ እዚያው ወንበር ላይ፣ እንቁላል እየሸተተ ወደድኩት።

አክስቴ ከመሃላችን ተነሳች። «መስኮቱ ጋ ልቀመጥ፣ ነፋስ ያስፈልገኛል» አለችና ወንበሯን ለቀቀችልን።

አዲሱን ባሕር በዘጠኝ ቀን ሣልኩ። ቡሩሹን መጀመሪያ የነከርኩት ሰማያዊው ውስጥ ነው። ጆሮው አጠገቤ ፒያኖውን ይቃኛል፣ እኔ እንዳሻኝ አንጎራጉራለሁ፣ እሱም «ድገሚው» ይለኛል። ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን አክስቴ ለፎቶ የመጣን የሙዚቃ አስተማሪ «ፒያኖ ለመቃኘት ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ብላ ጠየቀች።

«ግማሽ ቀን» አላት።

አክስቴ ዞር ብላ ጆሮውን አየችው። ጆሮው ራሱን ፒያኖው ሆድ ውስጥ ቀበረ።

«አንዲት ክር ቀርታኛለች እትዬ» አለ ከውስጥ። «እሷን ከጨረስኩ ሌላ ከተማ መሄድ ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ... ባልጨርሳትስ?»

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለችው። «ለሷ ንገራት!»

ነገረኝ። እሺ አልኩት። ያቺን ክር እስከዛሬ አልቃኛትም።

የሠርጋችንን ፎቶ ያነሳችን አክስቴ ናት፣ በአዲሱ ባሕር ፊት፣ ፒያኖው አጠገብ። ቀኝ እጇ ካሜራውን ሲጫን ግራ እጇ እንደ ልማዷ ጨርቁን ይዞ ሄደና ያልተቃኘችዋን ክር አስጮኸ። ፎቶው ዛሬም የፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ ተሰቅሏል። ባንዲራው ወደ ቀኝ፣ ጭሱ ወደ ግራ። ሙሽራው ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። አጠገቡ ሎሚ እንደነከሰች ፊቷን ያጨማደደችው ሙሽሪት እኔ ነኝ።