የድሮው ቃል

አምበሉ የሞተው ካልሲውን እያወለቀ ነው። አንዱን አውልቆ፣ ሌላውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ አውርዶ፣ የልብስ መቀየሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ ደገፍ አለ። አጠገቡ የነበሩት ደክሞት መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉለት። ታጥበው ሲመለሱ ካልሲው እዚያው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነበር።

ታናሽ ወንድሙ ይህን የሰማው በወዲያኛው ክፍል ከጓደኞቹ ጋር እየዘፈነ ሳለ ነው። አራት ቡድኖች በተሰለፉባት በዚህች ትንሽ ዓለም አቀፍ የራግቢ ውድድር ላይ እሱ የሚጫወትበት የወጣቶች ተስፋ ቡድን የገዛ አገሩን ብሔራዊ ቡድን ጥሎ ለፍጻሜ አልፏል። ጨዋታው ሊያበቃ ትንሽ ሲቀረው የብሔራዊ ቡድኑ አምበል የሆነው ታላቅ ወንድሙ ኳስ አቅፎ ሲመጣ ታናሹ ጠብቆ፣ ያለውን ጉልበት ሁሉ ትከሻው ላይ ሰብስቦ ገጨው። ሕግ የጠበቀ ግጭት ነበር። ዳኛው አላፏጨም፤ ሰዉም አጨበጨበ። ወድቆ የተነሳው አምበል እስከ መጨረሻው ተጫውቶ፣ በእግሩ ሄዶ ነው አግዳሚው ላይ የተቀመጠው።

አሁን የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ታናሹን መተላለፊያው ላይ ኮሌታውን አንቆ ይዞታል።

«የእናትህን ልጅ ገደልከው።»

«ይልቀቁት» አለች ከኋላቸው አንዲት ቀጭን ሴት። «አንዱን አንስተን ሳንጨርስ ሌላ ሬሳ አይጨምሩብኝ።»

ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ «መርፌ» ይሏታል። ስለቀጠነች አይደለም። ከሄደች በኋላ ስለሚያም ነው። የሞተውን ሰው ቆማ አየችው፤ ጎንበስ ብላ ጆሮውን፣ የራስ ቅሉን ዙሪያ አየች። ከዚያ ታናሹን ጠራችው።

«ራግቢ አይቼ አላውቅም። የጨዋታውን ፊልም እያሳየህ ታስረዳኛለህ።»

«እኔ እኮ ተጠርጣሪ ነኝ፣ ኢንስፔክተር።»

«ሁሉም ተጠርጣሪ ነው። አንተ ቢያንስ አትጮህም።»

የሕክምና ክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ፤ ጠረጴዛው ላይ የካሜራ ባለሙያው ኮምፒውተር ተከፍቷል። መጀመሪያ የገባው የብሔራዊ ቡድኑ ሸበቶ ወጌሻ ነበር። ቁጭ ከማለቱ እጆቹን እያየ ጀመረ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ልጄ።»

«እንዴት፣ አባባ?»

«ሲወድቅ ሮጬ ገባሁ። ‹ደህና ነህ?› አልኩት። ‹ደህና ነኝ› አለኝ። ሕጉ አስወጥተህ መርምር ነው የሚለው። ጨዋታው ለማለቅ ምን ቀርቶታል ብዬ ተውኩት።»

«ከዛሬ በፊትስ ተጎድቶ ነበር?»

«ጨዋታ ላይ? የለም። ሐሙስ የመጨረሻውን ልምምድ ሠርተን ሁሉም በሰላም ወጣ። እሱና ረዳት አምበሉ ቀጭኔ ብቻ ውርወራ እንደግማለን ብለው ቀሩ።»

ቀጥሎ አሰልጣኙ ገባ። ጩኸቱ አልቆ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሌላ ወርዋሪ አላመጣሁም። እሱን የሚተካ ሰው ቢኖረኝ ያኔውኑ አስወጣው ነበር። ስለዚህ ሰውየውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም…» ታናሹን በአገጩ አመለከተ። «ይሄ ልጅ ይጠየቅ። ወንድማማቾቹ ተመሳጥረዋል።»

«በምን?»

«በቃሉ ነዋ!»

ኢንስፔክተሯ ወደ ታናሹ ዞረች። እሱም አስረዳት። ኳስ ከሜዳ ስትወጣ ሁለቱ ቡድኖች በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። ወርዋሪው በመሃላቸው ይወረውራል፤ ጓደኞቻቸው ወደ ላይ ያነሷቸው ረጃጅሞች አየር ላይ ይሻማሉ። ኳሱ ለፊተኛው፣ ለመካከለኛው ወይስ ለኋለኛው እንደሚወረወር ቀድሞ በምስጢር ቃል ይነገራል።

«ወርዋሪው ማነው?»

«ወንድሜ።»

«ቃሉን የሚጠራውስ?»

«ረዳት አምበሉ። ያ ረጅሙ፤ ቀጭኔ የሚሉት።»

ፊልሙን ከፈቱት። የመጀመሪያው ውርወራ ላይ የቀጭኔ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ «ድንች!»

«ድንች ፊተኛው ነው» አለ ታናሹ። «ሽንኩርት መካከለኛው፣ ቃሪያ ኋለኛው። እናታችን አትክልት ነበር የምትሸጠው። ወንድሜና እኔ ነን ቃላቱን ያወጣናቸው፣ እኔ እዚያ ቡድን ውስጥ እያለሁ።»

«ስለዚህ ኳሱን ሁሉ ነጠቃችኋቸው።»

«እኔ በተቃራኒ ተሰልፌ በድሮው ቃል መጫወት ቁልፉን ለሌባ አስረክቦ መተኛት ነው።»

«እኛስ ይሄ ጠፍቶን ነው?» አለ አሰልጣኙ። «ሐሙስ ቀይረነዋል እኮ! ራሱ አምበሉ ነው የቀየረው። መዶሻ፣ መጋዝ፣ ምስማር። ሙሉ ቡድኑ ሲለማመደው ዋለ። ዛሬ ትሪቡን ላይ ቁጭ ብዬ ድንች ድንች ሲሉ ስሰማ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። በእረፍት ስጠይቅ ቀጭኔ ‹አምበሉ ነው ያዘዘው› አለኝ። አምበሉ ዝም።»

ኢንስፔክተሯ የመጀመሪያውን ውርወራ መልሳ አየችው፤ አሁንም መልሳ።

«እነዚህ ሁለቱ ቀጭኔን የሚያነሱት ናቸው? ለምን ዘገዩ?»

ታናሹ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋ። እውነቷን ነው። ቀጭኔ «ድንች» ሲል ሁለቱ አንሺዎች ተያዩ። አንዱ እንዲያውም ዞር ብሎ አፉን ከፈተ። አምበሉ ግን ሳያመነታ ወረወረ።

አሰልጣኙ ወጥቶ ቀጭኔ ሲገባ በሩን ጎንበስ ብሎ አለፈ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ማንም አልገደለውም፣ ኢንስፔክተር። ጨዋታ ነው፤ ሰው ይጋጫል፤ ይወድቃል። ልጁንም ባታስጨንቁት።»

«ደግ ነህ። አዲሶቹን ቃላት ሐሙስ ተለማመዳችሁ?»

«አዎ፣ ቀላል ልምምድ ነበር። ማንም አልተጎዳም።»

«እሺ» አለችና ወዲያው አሰናበተችው። በሩ እንደተዘጋ ታናሹን ፊት ለፊት አየችው።

«አሁን ያንተ ተራ። ሌላውንም ሰው ስትጥል አይቻለሁ። እሱን ግን እንደዚያ አይደለም የገጨኸው።»

ታናሹ ይህን ለማንም አልነግርም ብሎ ነበር። ግን ወጌሻውና አሰልጣኙ የውስጣቸውን ሲዘረግፉ ሰምቶ፣ የራሱን ዋጥ አድርጎ መቀመጥ አቃተው።

«እናታችን ከሞተች ገና ወሯ ነው። እሱ ከቡድኑ ጋር ውጭ አገር ነበር፤ ለቀብር አልመጣም። እኔ ነኝ ብቻዬን አፈር ያለበስኳት። ከዚያ ወዲህ አላናገርኩትም። ዛሬ ከጨዋታ በፊት ስንጨባበጥ እጄን አልለቅ አለ። ወደ ተመልካቹ እያየ፣ ‹እማዬ መጥታለች?› አለኝ።»

«አንተስ?»

«ምንም። ያሾፈብኝ መሰለኝ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሲመጣ አየሁትና… በሷ ፈንታ ነው የመታሁት። ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። ልሰብረው ፈልጌ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ይኸው ነው።»

ኢንስፔክተሯ አላጽናናችውም፤ አልተቆጣችውምም። «ማንም ከከተማ እንዳይወጣ» ብላ ኮምፒውተሩን ዘጋች።

በማግስቱ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ጋ ደርሳ ሁሉንም እዚያው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። የፍጻሜው ጨዋታ ተሰርዟል። አሰልጣኙና ወጌሻው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቀጭኔ ቆመ። ታናሹ፣ ወንድሙ የሞተበትን አግዳሚ ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶ ቆየ፤ ከዚያ አፈረና ዞረ።

«ትናንት አንድ ሬሳና ሦስት ገዳይ ነበረኝ» ብላ ጀመረች። «ወጌሻው እኔ ነኝ አሉ፤ አሰልጣኙ እኔ ነኝ አሉ፤ ወንድሙም እኔ ነኝ አለ። ሐኪሙ ግን ሌላ ነገር አለ። ጭንቅላቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ደም ተገኝቷል። አንዱ የትናንቱ፣ የቅዳሜው፣ ትኩስ። ሌላው የረጋ፣ ከዚያ በፊት የጀመረ። ሰውየው ሜዳ የገባው ከውስጥ እየደማ ነው።»

ወጌሻው አንገቱን ደፋ።

«መቼ ተጎዳ? እሱን ራሱ አምበሉ ነግሮናል። ቃላቱን የቀየረው እሱ ነው፤ ቅዳሜ ግን አላስታወሳቸውም። የጠፋበት የሐሙስ ቀን ነው። የእናቱም ሞት አብሮ ጠፍቶበታል።» ወደ ታናሹ ዞረች። «አላሾፈብህም። ተመልካቹ መሃል እየፈለጋት ነበር።»

ታናሹ፣ ወንድሙ አልለቅ ያለውን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ማን ያውቅ ነበር? ወርዋሪ ሲሳሳት ይሰደባል፤ ከዚያ መፍትሔ ይፈለጋል። እዚህ ግን ስህተት አልነበረም። ገና በመጀመሪያው ውርወራ፣ አምበሉ አንድም ኳስ ሳያበላሽ፣ የድሮው ቃል ተጠራ። ያውም ያንን ቃል በሚያውቅ ባላጋራ ፊት። አምበሉ ራሱ ያዘዘው ቢሆን ኖሮ ለአንሺዎቹም ይነግራቸው ነበር። እነሱ ግን ደንግጠው ሲተያዩ ፊልሙ ላይ አለ። ስህተቱን ከመፈጠሩ በፊት ያረመው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ቀና ብለው አዩ። ቀጭኔን ለማየት ሁልጊዜም ቀና ማለት ያስፈልጋል።

«እኔ ረድቼው ነው» አለ ቀጭኔ።

«ይሆናል። ሐሙስ ሜዳ ላይ አብሮት የቀረው ማነው? እኔ ስለ ቃላቱ ስጠይቅህ አንተ ስለ ጉዳት ለምን መለስክልኝ?»

«ኮች…»

«እኔን አትጥራ» አለው አሰልጣኙ ቀስ ብሎ። «ለሷ መልስላት።»

ቀጭኔ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«‹ታናሽ ወንድምህን ፈርተህ ቃል ትቀይራለህ› አልኩት። በቀልድ ነው። እሱ ግን ስለ ወንድሙ ቀልድ አይወድም። ደረቴን ያዘኝ፤ ገፈተርኩት። የግፊያ መለማመጃው ብረት ላይ ወደቀ። ተነስቶ ሳቀ እኮ። ‹ለወጌሻው እንዳትነግር› አለኝ። አንድ ክፍል ነው የምናድረው፤ ሌሊቱን ሲያስታውክ አደረ። በነጋታው ‹መዶሻ ለማን ነው?› አለኝ። ያኔ ገባኝ።»

«ገብቶህ ዝም አልክ!» አለ ወጌሻው።

«ብናገር ማን መታው ይባላል፣ ጋሼ። እባረራለሁ። ቃሉን ብቻ ብመልስለት ጨዋታውን ያልፈዋል ብዬ ነው። ከዚያ ሐኪም ጋ ልወስደው አስቤ ነበር።»

ሁለት ፖሊሶች ገብተው አስነሱት፤ ሲወጣ በሩ ላይ ጎንበስ ማለት ረስቶ ግንባሩ ተመታ። አሰልጣኙና ወጌሻው ተከትለው ወጡ።

ታናሹ ቀረ። ኢንስፔክተሯ የበሩን እጀታ ይዛ ጠበቀችው።

«አንተ መሄድ ትችላለህ።»

«ባልገጨው ኖሮስ?»

ውሸት አትችልበትም ነበር፤ እውነቱን ግን ሲጠቅም መናገር ትወዳለች።

«ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ቅዳሜማ ቢገጭም ባይገጭም የመትረፉ ነገር ያጠራጥር ነበር አለ። ሊተርፍ የሚችለው ሐሙስ ሌሊት ነበር፤ አንድ ሰው አናግሮት፣ አንደበቱ ሲተሳሰር ሰምቶ፣ ሐኪም ቤት ቢወስደው። እዚያ ውስጥ አንተ የለህበትም።»

ታናሹ፣ ወንድሙ ተቀምጦበት የነበረው አግዳሚ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ አልከፈተውም።

«ሐሙስ ሌሊት ደውሎልኝ ነበር» አለ። «ስሙን አይቼ ነው ያላነሳሁት።»

ኢንስፔክተሯ በሩን ለቀቀችው። መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።