ከቀብሩ ማግሥት የተጠረገው ክላሽ

ታላቅ ወንድሜ ይሄነው የሰደበኝ አምና በጥር፣ በአክስታችን ልጅ በእህተማርያም ሠርግ ላይ ነው፤ ዳሱ ውስጥ፣ ከመሐል ምሰሶው አጠገብ። ከአዲስ ቅዳም የመጡት የሙሽራው ዘመዶች ወደ እኔ እያዩ «ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ። «መልካሙ ይባላል፣ የተሻገር ጠመንጃ ወልዋይ» አላቸው። «ሲወለውል ያረጃል እንጂ አንድ ቀን ተኩሶ አያውቅም።» ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ጠላ ትቀዳ የነበረችው እናቴም ሳቀች። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ባልማርም የማን ጥርስ እንደታየ ለመያዝ ትምህርት አያስፈልገኝም።

መወልወሉ ውሸት አልነበረም። ጎረቤቴ ተሻገር እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ክላሹን የምጠርግለት እኔ ነበርኩ። እሱም ውለታዬን አልረሳም። አባታችን በሞት አልጋው ላይ ሆኖ የዲከረንሱን ማሳ፣ ያን ዛፉ ለከሰል የሚቆረጠውን፣ ለእኔ ሲናዘዝ ሰምቻለሁ የሚል ሰው እሱ ብቻ ነበር። ይሄነው ማሳውን ይዞ ዓመት ከዓመት ያከስልበታል። ተሻገር ግን ማክሰኞ ወረዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊመሰክርልኝ ቆርጦ ነበር። ማክሰኞን አላየም። እሑድ ሞተ።

ሚስቱ እታለማሁ ከቅዳሴ ስትመለስ በረንዳው ላይ ደረቱን ተመትቶ አገኘችው። ክላሹ ጭኑ ላይ ተጋድሟል። አጠገቡ የዘይት ጠርሙስ፣ ጨርቅና አንድ ቀለህ አለ። ተኩሱን የሰማ ሁሉ ከሐዘን ቤት መስሎት ነበር፤ ቅዳሜ የሚሊሻ አዛዣችን የሽባባውን አባት ቀብረን፣ ክላሽ ያለው ሁሉ ወደ ሰማይ ተኩሶ ነው የተመለሰው።

«ሲጠርገው ባረቀበት» ተባለ። ሬሳውን ሊያነሡ ሲሉ ኢንስፔክተር ምሥራቅ ከቆሰበር ደረሰች። አጭር ሴት ናት፤ ድምፅዋም ዝቅ ያለ ነው። የሟቹን ሸሚዝ ገለጥ አድርጋ አየች።

«እሳቱ ጨርቁን አልነካውም» አለች። «ጭኑ ላይ ያለ መሣሪያ ቢባርቅበት ሸሚዙ ይቃጠል ነበር።»

ከዚያ ክላሹን አነሣች። ካዝናውን ነቀለች፣ ማቀባበያውን ጎትታ ባዶ መሆኑን አረጋገጠች፣ ፈታችና በርሜሉን ወደ ፀሐይ አቅንታ አየች።

«ይህን ማን ጠረገው?»

«እኔ» አልኩ። «ትናንት፣ ከቀብር እንደተመለስን።»

«ሰማችሁ!» ብሎ ይሄነው ዘለለ። «በራሱ አፍ! ገድሎት ወለወለው። ሥራው አይደል? ሽባባው፣ ምን ትጠብቃለህ?»

ሽባባው እጄን የኋሊት በገመድ አሰረኝ። እሑድ ጠዋት ብቻዬን እንጨት ስቆርጥ ነበር፤ ያየኝ ሰው የለም። እናቴ ከአጥሩ ጥግ ቆማ በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች።

ኢንስፔክተሯ ግን ገመዱን አይታ አለፈችው፤ እታለማሁ ያቀረበችላት በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ተራ በተራ ትጠይቀን ጀመር። ጥያቄዋ ለሰሚ ያስቃል። ማን ጠላው፣ ማን ዛተበት አላለችም።

«ጠመንጃ መቼ ነው የሚጠረግ?» አለችኝ።

«የተተኮሰ ዕለት። ካደረ ባሩዱ ብረቱን ይበላዋል።»

«በምን?»

«በመሣሪያ ዘይት። ከጠፋ በሞተር ዘይት፣ ያውም ጥቂት። ከበዛ አቧራ ይስባል።»

«ተሻገርስ ራሱ ሞክሮ ያውቃል?»

«በዚያ እጁ? ሲጋራም የምለኩስለት እኔ ነኝ።»

ቀጥሎ ባጃጅ ነጂው አሸናፊ ቀረበ። በመንደራችን ከተሻገር ሌላ ክላሽ ያላቸው እሱ፣ ሽባባውና ይሄነው ናቸው፤ ሦስቱም ቅዳሜ ተኩሰዋል።

«እኔ? ለፋሲካ አንዴ፣ በባጃጅ ዘይት። አይፍረዱብኝ ኢንስፔክተር፣ ባጃጄንም አላጥባት፣ እንኳን ክላሼን።»

«ከቀብሩ ወዲህስ?»

«ኧረ የት! እንዳጨሰ ነው የሰቀልኩት።»

ሽባባው ራሱን ነቀነቀ። «አባቴን ትናንት ቀብሬ ጠመንጃ ልወልውል? ምን ልብ አለኝ?»

የይሄነው ተራ ሆነ። እኔን አንተ ያለች ሴት እሱን እርስዎ አለችው። ያንንም ልቤ ላይ አስቀመጥኩት።

«እርስዎስ አቶ ይሄነው? በምን ይጠርጋሉ?»

«ወንድ ይተኩሳል፤ የሚወለውለው ሌላ ነው» አለና ወደ እኔ አየ። «በምን እንደሚጠረግም አላውቅ። ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ተኩሼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። እስካሁን አላወረድኩትም።»

«መልካም። እንግዲህ ሦስታችሁም አምጧቸው።»

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ ሁላችንም የእታለማሁ ግቢ ተሰበሰብን። ኢንስፔክተሯ የመጡትን ሦስት ክላሾች ፈትሻ ባዶ መሆናቸውን ካየች በኋላ፣ አፈሙዛቸውን ቁልቁል አድርጋ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ጋር አስደገፈቻቸው። በየአፈሙዙም ሥር ነጭ ወረቀት አነጠፈች። ከዚያ የሟቹን ክላሽ ከፍ አድርጋ ያዘች።

«አቶ ተሻገር በዚህ አልሞተም። በርሜሉ ይንጸባረቃል። መልካሙ ከጠረገው ወዲህ አልተኮሰም።»

«ተኩሶ ቢጠርገውስ አልኩ እኮ!» አለ ይሄነው።

«ለምን? ገዳዩ የፈለገው "ሲጠርግ ባረቀበት" እንዲባል ነው። ጥላሸቱን ቢተውለት አይሻለውም? ጠመንጃ መጥረግ ሥራው የሆነ ሰው ይህን አይስትም። ደግሞም መልካሙ ተሻገር በገዛ እጁ እንደማይጠርግ ያውቃል፤ ጠርሙስና ጨርቅ አምጥቶ አይደረድርም። የደረደረው ሰው የመሣሪያን ጠባይ አያውቅም፤ ክላሹ ቅዳሜ መጠረጉንም አልሰማም። በራሱ ክላሽ ተኮሰ፣ ቀለሁን ሟቹ ዘንድ ትቶ ሄደ።»

ነጭ ጨርቅ በዘንግ ላይ ጠቅልላ በአሸናፊ ክላሽ ውስጥ ሰደደችው። ከሰል መስሎ ወጣ። በሽባባው ሰደደችው፤ እሱም ጥቁር። በይሄነው ክላሽ የሰደደችው ግን ቢጫ የወዛ ነገር ይዞ ወጣ፤ ጥላሸት አልነበረበትም።

«በሁላችሁ ፊት ሦስት ጊዜ የተኮሰ፣ ከግድግዳ ያልወረደ ክላሽ» አለች። «ማን ጠረገው?»

ይሄነው ከክላሹ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

«ሲያሳዝን!» አለች። «ባይነኩት ኖሮ ከነዚህ ከሁለቱ ማን ይለየው ነበር? የቀብሩ ጥላሸት የእሑዱን ይሸፍንልዎ ነበር። ግን ፈሩ። የተኮሰ መሣሪያ ያስይዛል ሲባል ሰምተዋል፤ መንደሩ ሁሉ መተኮሱን ረሱ።»

አሸናፊ ጎንበስ ብሎ ወረቀቶቹን እያየ ነበር። «ኢንስፔክተር፣ ይሄ ያንጠባጥባል እኮ!»

በይሄነው አፈሙዝ ሥር ያለው ወረቀት ወዝቷል። ፀሐይዋ በርሜሉን አሙቃው ቢጫ ጠብታ ይወርዳል። አሸናፊ በጣቱ ነክቶ አሸተተ።

«በስመአብ! ቅቤ ነው! በሁዳዴ!»

አንድ ሰው ሊስቅ ቃጥቶት መልሶ ዋጠው። ኢንስፔክተሯ ግን ፊቷን ወደ እናቴ አዞረች።

«እማማ ካሳነሽ፣ አቶ ይሄነው የሚኖረው ከእርስዎ ጋር ነው። የፋሲካውን ቅቤ ማን ከፈተው?»

«ራሴን አመመኝ፣ ልቀባው አለኝ» አለች እናቴ።

«ጠጉሩ ደረቅ ነው፣ እማማ።»

እናቴ ይሄነውን አየችው። ከዚያ መሬት መሬት አየች።

«ሰዉ ቅዳሴ እያለ በጓሮ ገባ» አለች። «ክላሹን ይዞ። ዘይት ስጪኝ አለኝ፤ የኑጉም አልቋል፤ ቅቤውን ከፈተ። ምነው ልጄ ብለው ዝም በይ አለኝ። የነጠላዬን ጫፍ ቀዶ ሲጠርግ አየሁት።»

«ይኼ ልጅዎ ሲታሰርስ?»

«እሱ ነው የሚጦረኝ» አለች በጣቷ ይሄነውን እያሳየች። «ሁለቱን ከማጣ ብዬ ነው።»

እታለማሁ ያኔ ጮኸች። «በመሬት ነው! በማክሰኞው ምስክርነት ነው ባሌን የበላኸው! እኔ እኮ በገዛ እጄ ድፎ ቆርሼ ያበላሁህ ነኝ!»

«የሱን አፍ ብዘጋ፣ ይኼ ደግሞ ቢታሰር፣ ማን ይከራከረኝ ነበር?» አለ ይሄነው። ለማን እንደተናገረ እንጃ። ዓይኑ እኔ ላይ አልነበረም።

ሽባባው ገመዱን ከእኔ ፈትቶ እሱን አሰረበት። ይቅርታ አላለኝም፤ አልጠበቅኩምም። ይሄነውን ይዘውት ሲወጡ እናቴ ተከትላኝ እስከ በሩ መጣችና እጀ ጠባቤን ያዘችው።

«መልካሙ፣ ልጄ፣ ስማኝ። አባትህ ማሳውን ሲናዘዝልህ እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማክሰኞ ቀርቤ እመሰክርልሃለሁ።»

ቆምኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ጓዳው ውስጥ ተዘግቶ የኖረ ቃል ነው።

«አንተ ደግሞ ለወንድምህ ሽማግሌ ተቀበልልኝ። ለእታለማሁም እርቅ ተናገርልኝ፤ አንተን ትሰማሃለች። ማሳህን ትወስዳለህ፣ እሱም ቅጣቱ ይቀልለታል፣ እኔም ሜዳ ላይ አልቀርም። እሺ? እሺ በለኝ፣ በሞቴ!»

ያለ እሷ ቃል ማክሰኞ ባዶ እጄን እንደምመለስ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች፤ ለዚህ ነው እጀ ጠባቤን አጥብቃ የያዘችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅኩ። ከእታለማሁ አጥር ላይ ዶማ አነሣሁ፤ የተሻገርን መቃብር የሚቆፍር ሰው ገና አልሄደም ነበር።

«መልካሙ! ኧረ መልስልኝ!» አለች ከኋላዬ።

ዶማውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ያዝኩ።