ንጉሡ «ሠ» እና እሳቱ «ሰ»

«ለሰማይም ለምድርም፣ በባሕር ውስጥ ላሉትም ሁሉ ይታወቅ፦ የኮምፒውተር ክፍላችን ማውስ ከረጅም ስደት በኋላ ከቁም ሳጥኑ ሥር ተገኝቷል።»

አዋጁን ያሰማው ወንበር ላይ የቆመው ቀጭኔ ነው። ወንበር ባይኖርም ጭንቅላቱ ጣሪያ ለመንካት ምንም አይቀረውም፤ ስሙም የወጣለት ለዚሁ ነው። ማውሱን የተቀበለው የልብ ጓደኛው ግን አልሳቀም። እሱን ደግሞ «ጥያቄ» ይሉታል፤ በነገሩ ሁሉ «ለምን?» ስለሚል።

መምህር የሰጡት ሥራ እንዲህ ነበር፦ የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ፣ ከክፍል ሳይቀር ብዙ መጽሐፍ ያነበበውን ተማሪ ለይቶ እንዲያወጣ ማድረግ። ያ ተማሪ ተራራው ላይ ወዳለው የኮከብ መመልከቻ ይሄዳል። ቦታው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ጥያቄ ሰሞኑን ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር አልጋው ቀስ ብሎ ከመሬት ይነሳል፤ ጨረቃ መስኮቱን ተደግፋ ትጠብቀዋለች።

የንባቡ መረጃ ያለው የቤተ መጻሕፍቱ ዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ ከክፍል ማን እንደቀረ ደግሞ የመዝገብ ቤቱ ዳታቤዝ ውስጥ። ሁለቱ እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች ናቸው። ድረ ገጹ በመሃል እየተመላለሰ፣ «እገሌ እናንተ ዘንድ አለ?» እያለ ስም ከስም ያገናኛል። ጥያቄ አገናኘ። የራሱ ስም ከላይ ወጣ። መንገድ ሲያቋርጥ እንኳ ገጽ የሚገልጠው ቀጭኔ ጭራሽ የለም።

ምክንያቱን ለማየት ብዙ አልፈጀበትም። የቤተ መጻሕፍቱ እትዬ የቀጭኔን እውነተኛ ስም በንጉሡ «ሠ» ጽፈውታል፤ የመዝገብ ቤቱ ጋሼ በእሳቱ «ሰ»። ለጆሮ አንድ ልጅ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት፦ አንዱ ትምህርት ቤት ሳይመጣ የሚያነብ፣ ሌላው ሳያነብ የሚመጣ።

ቀጭኔ ከወንበሩ ወርዶ በጓደኛው ትከሻ ላይ አጎነበሰ።

«እኔ የለሁም እንዴ?»

«ሲስተሙ የለህም ነው የሚለው።»

«ሲስተሙ ካለማ ምን ይደረጋል፤ የለሁም ማለት ነው።» ሳቀ። «አቦ፣ አንተ ከሄድክ እኔ እንደሄድኩ ቁጠረው። ብቻ ጨረቃን ሰላም በልልኝ። ስትመለስ ሁሉን ትነግረኛለህ፣ አንድ ሳታስቀር።»

በመስኮቱ በገባው የከሰዓት ብርሃን ውስጥ አቧራው ልክ እንደ ከዋክብት ቀስ ብሎ ይዞራል። ቀጭኔ አፉን ከፍቶ ያየዋል። ጥያቄም አቧራውን ማየት ጀመረ፤ ከዚያ አቧራውን የሚያየውን ልጅ አየ። ጨረቃ «ቀጭኔስ?» ብትለው ምን ሊላት ነው? የለም?

ማውሱን ገፋ አድርጎ ኪቦርዱን ሳበ። አንድ መስመር ጨመረ፦ ስም ሲነጻጸር ንጉሡም እሳቱም እንደ አንድ ፊደል ይቆጠሩ። ዳታቤዞቹን እንደገና ጠየቀ። የራሱ ስም አንድ ደረጃ ወረደ።

«ቆይ፣» አለ ቀጭኔ፣ «አሁን የለህም አላልከኝም? ከየት መጣሁ?»

«መጣህ።»

«ምን አድርገህ ነው? በናትህ ንገረኝ።»

ጥያቄ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣለ።

«አልናገርም።»