የትሪው መሀል

አድና የፒታዋን ቁራሽ በሹካ ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ጉልበቷ ላይ ወደዘረጋችው ሶፍት አንሸራተተችው። ማንም አላያትም። አባቷ ኤኔስ መንገድ ላይ ስላስቸገረው የጭነት መኪናው ማርሽ እያወራ ነበር። የሰባት ዓመቷ እህቷ ላሚያ እርጎ ስትጠጣ ከከንፈሯ በላይ ነጭ ጺም አብቅላለች። እናቷ መርሲሃ እንደ ልማዷ አልተቀመጠችም። በምድጃውና በጠረጴዛው መካከል ቆማ የጎመን ሰላጣ በሹካ ትለቅማለች።

እነ አድና ቤት የቅዳሜ ምሳ ፒታ ነው። መርሲሃ ሊጡን ጠረጴዛው ሙሉ ትዘረጋዋለች፤ በእጆቿ ጀርባ ቀስ እያለች ትስበዋለች፤ ከሥሩ ያለው የጨርቁ አበባ እስኪታይ ድረስ ታሳሳዋለች። ከዚያ ድንቹን፣ ሽንኩርቱንና ቁንዶ በርበሬውን በትና ትጠቀልለዋለች፤ ክብ ትሪ ላይም ከመሀል ጀምራ እንደተኛ እባብ ታጠማዝዘዋለች። ከምድጃው ሲወጣ ጠርዙ ይንኮሻኮሻል፤ መሀሉ ግን ለስላሳ ነው። ለዚያ ለመሀሉ በቤቱ ውስጥ ሁልጊዜ ጠብ አለ። ሽታው ደረጃውን ሲወጣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት በረንዳዋ ላይ ብቅ ትልና «መርሲሃ፣ ልታሳብጂን ነው?» ትላለች።

መርሲሃ ራሷ ግን ከፒታው አትበላም። በጣም ሲብስባት ትሪው ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በጣቷ ለቅማ አፏ ውስጥ ትጨምርና «ይኸው፣ ዛሬም አጠፋሁ» ትላለች። አድና ይህችን ቃል ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ሰምታታለች። ሌላው ሰው በልቶ ተመስገን እንደሚለው፣ እናቷ በልታ አጠፋሁ ትላለች። ለምን ብላ ጠይቃ አታውቅም።

የሶፍቱ ነገር የተጀመረው በመጋቢት፣ ወንዙ ዳር ነው።

አድና በኡና ወንዝ ላይ ካያክ በምትባል ጠባብ ጀልባ ትቀዝፋለች። በከተማቸው በቢሃች ያደገ ልጅ ወንዙን ከመራመድ እኩል ይለምደዋል። አድና ደግሞ ከለመዱትም በላይ ነበረች። ትከሻዋ ሰፊ፣ ክንዷ ጠንካራ ነው፤ ለልምምድ ውሃው ላይ የተንጠለጠሉትን እንጨቶች ሳትነካ በመካከላቸው ሾልካ ስታልፍ ትንንሾቹ ልጆች ቆመው ያይዋታል። በዚያን ቀን ጀልባዋ ውስጥ ስትገባ ዲኖ የሚባለው የካያክ ክለቡ ልጅ መቅዘፊያውን እንደ ማይክ ይዞ፣ የዜና አንባቢ ድምፅ አስመስሎ፣ «የድልድዩ ነዋሪዎች ሆይ ተጠንቀቁ፤ አድና ስለገባች ወንዙ ሞልቷል» አለ።

ሁሉም ሳቁ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው አድና ነበረች። ዲኖ ክፉ ልጅ አይደለም፤ አፉ ግን ለከት የለውም። እሱ ቀልዱን ገና ጀልባው ውስጥ ሳይገባ ረሳው። አድና ግን ቤቷ ይዛው ገባች።

አድና አንድ ጊዜ ከጀመረች የማትጨርሰው ነገር የለም። ቁርስ ተወች። ለትምህርት ቤት የምትይዘውን ዳቦ ለጓደኛዋ መስጠት ጀመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የክለቡ አሰልጣኝ ኮች ሳሚር ይጠብቀኛል እያለች ምሳው ሳያልቅ ተነስታ ትወጣለች፤ ሶፍቷን ደረጃው ሥር ካለው የቆሻሻ ገንዳ ትጥላለች። ሲርባት ውሃ ትጠጣለች። ሆዷ ሲጮህ ክፍል ውስጥ ወንበሯን ትስባለች፣ እንዳይሰማባት።

በሚያዝያ አንድ ቀን እናቷ ኮሪደሩ ላይ አስቆመቻትና ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ቀጠን አልሽ» አለቻት ዝግ ብላ። «አማረብሽ።»

ያ ቃል ከየትኛውም ፒታ ይልቅ ጣፈጣት። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ አንድ ወገን ሆኑ። መርሲሃ ለሁለቱ የሚሆን ኪያር መክተፍ ጀመረች። አባትየው ዳቦውን በወጥ እያጣቀሰ ሲበላ በዓይን ተጠቃቅሰው ፈገግ ይላሉ። አድና ከእናቷ ጋር እንዲህ ተጠጋግታ አታውቅም ነበር፤ ስለዚህ ረሃቡን ወደደችው ማለት ይቻላል።

ወንዙ ግን አልወደደላትም። በግንቦት አንድ ቅዳሜ፣ ከድልድዩ በታች ያለው ፏፏቴ ጋ፣ እጆቿ አልታዘዝ አሏት። ሺህ ጊዜ ያለፈችበት ቦታ ነው። ጀልባው ተገለበጠ። ራሷን ከነጀልባው ለማቃናት መቅዘፊያውን ሳበች፤ ደግማ ሳበች፤ ትከሻዋ ውስጥ ምንም የለም። ከጀልባው ወጥታ እየዋኘች ዳር ደረሰች። ኮች ሳሚር ክንዷን ይዞ ጎተታት፤ ፎጣ አለበሳትና ዛሬ ምን በላሽ ብሎ ጠየቃት።

ፒታ አለችው። ውሸቱ እንዴት እንደቀለላት ራሷን ገረማት። ፒታው ገንዳ ውስጥ ነበር።

ሳሚር አያትና ፀጉሯን እንድታደርቅ ነግሯት ሄደ። አድና ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ እየተንቀጠቀጠች፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የበለጠ መጠንከር አለብኝ ብላ አሰበች። መጠንከር ስትል መብላትን ማለቷ አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ጠረጴዛው ዙሪያ ናቸው። ፒታው የድንች ነው፤ ላሚያ የምትወደው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ላሚያ የድንች ፒታ ሲኖር አሻንጉሊቷን ጥላ ነው የምትመጣው። መርሲሃ አንድ ትልቅ ቁራሽ ቆርጣ ሳህኗ ላይ አደረገችላት።

ላሚያ ሳህኑን በሁለት እጇ ገፋችው።

«እኔ አልበላም» አለች።

አባቷ አመመሽ እንዴ ብሎ ግንባሯን ዳሰሰ። ላሚያ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ከዚያ የሹራቧን ጫፍ ወደ ላይ ገልባ ሆዷን በጣቶቿ ቆነጠጠችና፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው ተንፍሳ፣ «ጠዋት ቸኮላት በልቻለሁ። ዛሬ አጥፍቻለሁ» አለች።

ኤኔስ ሳቀ። አነጋገሯ ያስቅ ነበር። ሳቁ ግን ብቻውን ቀረ፤ እሱም ዙሪያውን አይቶ አቆመ። መርሲሃ ቢላዋውን እንደያዘች ቀርታለች። አድና የእህቷን ሆድ አየች። የአንድ ትንሽ ልጅ ሆድ ነው። በጣቶቿ መካከል የያዘችው ከቆዳ በቀር ምንም አልነበረም።

ቁንጥጫውን አድና ታውቀዋለች። የራሷ ነው። የመታጠቢያ ቤቱን በር ሳትዘጋ መስተዋቱ ፊት ቆማ የምታደርገው ነው። ቃሉ ደግሞ የእናቷ ነው። ላሚያ አንዱን ከአንዷ፣ ሌላውን ከሌላዋ ወስዳ አንድ ላይ ለብሳዋለች።

አድና ጉልበቷ ላይ ያለውን ሶፍት አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ማንኪያ አንስታ ከትሪው መሀል የተጠቀለለውን ቁራሽ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ላሚያ ብቻዋን የምትወስደውን፣ ወደ ሳህኗ አመጣች። እርጎ አፈሰሰችበት። በላች።

ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያውን ጉርሻ በእርጎ አወራረደችው። ውስጧ የለመደችው ድምፅ ተነሳ፤ ይህን ሁሉ ሳምንት ለፍተሽ አላት። አድና ድምፁን ሰማችው፤ ማኘክ ግን አላቆመችም። ድንቹ ተፈርፍሮ ቅቤው ገብቶበታል፤ ቁንዶ በርበሬው ምላሷን ቆንጠጥ ያደርጋል። ረስታው ነበር። እህቷ እያየቻት እንደሆነ ታውቃለች፤ እንድታያትም ነበር የፈለገችው።

«ጣፍጧል፣ እማዬ» አለች።

ላሚያ ከሳህኑ ወደ አድና፣ ከአድና ወደ ሳህኑ አየች። «አንቺስ አላጠፋሽም?» ብላ ጠየቀች።

«ምን አጠፋሁ? ምሳዬን እኮ ነው የበላሁት።»

ላሚያ ነገሩን አሰበችበት። ከዚያ ሹራቧን አወረደች፤ ሳህኗን ወደ ራሷ ጎትታ በመጀመሪያ ጠርዙን፣ ቀጥላ ውስጡን መብላት ጀመረች። ኤኔስ እንኳን ይህን ጊዜ አልቀለደም። መርሲሃ ፊቷን ወደ እቃ ማጠቢያው አዞረችና ውሃውን ከፈተች፤ የሚታጠብ ነገር ገና አልነበረም።

ከምሳ በኋላ አባትየው ላሚያን ይዞ ወጣ። አድና የደረቀ ፎጣ አንስታ እናቷ አጠገብ ቆመች። መርሲሃ ታጥባለች፤ አድና ታደርቃለች። መርሲሃ ዓይኗን ከሳህኖቹ አላነሳችም። አድና እናቷ የተቆጣች መስሏት ነበር፤ ወይም በእሷ የተከፋች። አንድ ወገን ነበሩ፤ አሁን ጥላት ሄዳለች።

መርሲሃ ትሪውን እየፈተገች መናገር ጀመረች። በልጅነቷ ስላየችው የጦርነቱ ጊዜ ብዙ አታወራም፤ ልጆቿም አይጠይቋትም። ከተማው ሲከበብ ከላሚያ ትንሽ ከፍ ትል ነበር። ዱቄት አልነበረም። እናቷ ሳማ ቀቅላ ታበላቸው ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከላይ ሲተኮስ፣ የሕንፃው ልጆች ጨዋታ ነበራቸው፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ምን እንደሚበሉ በየተራ ይናገራሉ። አንዱ ስጋ ይላል፣ አንዷ ኬክ። መርሲሃ ሁልጊዜ ፒታ ነበር የምትለው። የድንች። መሀሉን።

«አለቀ እንግዲህ፤ ጦርነቱም አለቀ» አለች። «በላሁ። ስበላ፣ ስበላ፣ አልጠግብ አልኩ። ከዚያ አንድ ሠርግ ላይ፣ ያንቺ እኩያ ሆኜ፣ አክስቴ ሰው ሁሉ ፊት ጉንጬን ቆንጥጣ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ሰላሙ የተስማማው ላንቺ ብቻ ነው› አለችኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።»

አድና ፎጣውን ያዘች። እንዴት እንደሳቀች ታውቃለች።

«ከዚያን ቀን በኋላ ቁጭ ብዬ አልበላሁም» አለች መርሲሃ። «አሁን ሳስበው ሞኝነት ነው። ግን ሳህን ሳይ እዚያች ሴትዮ ፊት የቆምኩ ይመስለኛል።»

አድናም ያደረገችውን ተናገረች። የሶፍቱን፣ የገንዳውን፣ ጀልባው ከተገለበጠባት በኋላ ለኮች የዋሸችውን። መርሲሃ ውሃውን ዘጋች። እርጥብ እጇን በቀሚሷ ላይ ጠርጋ የልጇን ጭንቅላት ደረቷ ላይ አስጠጋች።

«እኔ ደግሞ አማረብሽ አልኩሽ» አለች።

«አዎ።»

«ይቅር በይኝ፣ የኔ ልጅ።»

በሚቀጥለው ሳምንት አድና በየቀኑ ቁርስ በላች። ጥፋተኝነቱ በአንድ ቀን አልለቀቃትም። አንዳንድ ጠዋት ከዳቦው ጋር ትፋጠጣለች፤ ቢሆንም ትበላዋለች። ፏፏቴውን ማለፍ ስትፈልግ ፍርሃቷ እስኪጠፋ እንደማትጠብቅ ሁሉ እዚህም አልጠበቀችም። ኮች ሳሚርን ብቻውን አግኝታ እውነቱን ነገረችው። እሱም ካሁን በኋላ ባዶ ሆዷን ከመጣች ውሃው አጠገብ እንደማያስደርሳት ነገራት፤ ከዚያ ቦርሳውን ከፍቶ የራሱን ሳንድዊች ግማሽ ሰጣት።

ወንዙ ዳር ተቀምጣ ስትበላ ዲኖ መጣ። «ኧረ አድና፣ ጀልባው ይችልሻል?» አለ።

በዚህ ጊዜ አድና አልሳቀችም። አልተቆጣችምም። «ዲኖ፣ ሰውነቴ ላይ ሙድ አትያዝ» አለችው፣ እያኘከች። «ደስ አይለኝም።»

ዲኖ ዙሪያውን አየ፤ የሚስቅለት አልነበረም። «እሺ፣ አታካብጂ» አለ፤ ከዚያ ጆሮው ቀልቶ «ቀልድ መስሎኝ ነው» ብሎ ጨመረ። አድና ሳንድዊቿን ጨረሰች።

ቅዳሜ መጣ። በዚህኛው ሳምንት ሊጡን ሲዘረጉ ሦስት ሆኑ። ላሚያ በኩል ያለው በትልቁ ተቀደደ፤ አድና በኩል ያለው እንደ ብርድ ልብስ ወፍሮ ቀረ። መርሲሃ ቀዳዳውን አጥፋ ሸፈነችው፤ ሲበስል አይታይም አለች። ኤኔስ ገብቶ የትሪውን ቅርጽ ሲያይ ይህ እባብ ምን ነካው ብሎ ጠየቀ፤ ላሚያ ኮረፈችው።

ሲቀርብ መርሲሃ ከጓዳ አንድ ወንበር አምጥታ ጠረጴዛው ጋ አስጠጋችው። አድናም ወደ ሌላ አቅጣጫ ማየት እንዳለባት ገብቷት እርጎ መቅዳት ጀመረች። እናቷ ተቀመጠች፤ ሹካዋን አነሳች፤ ለጥቂት ጊዜ ይዛው ቆየች። ከዚያ ጎረሰች።

ሁሉም ማኘኳን ይጠብቁ ነበር፣ እንደማይጠብቁ እየመሰሉ።

«ጨው አንሶታል» አለች በመጨረሻ፣ ሌላ እየቆረጠች።

የአድና ስልክ ጮኸ። ኮች ሳሚር ነበር፤ ወንዙ ዛሬ በጣም ጥሩ ነው፣ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይገባል ብሎ ለክለቡ ልጆች ሁሉ ጽፏል። አድና በመስኮቱ አየች። ፀሐይ ወጥቷል። እግሮቿ ለመነሳት ተዘጋጁ።

«ምሳ ላይ ነኝ። ጨርሼ እመጣለሁ» ብላ ጻፈች። ስልኩን ዳቦው ጀርባ አስቀመጠችና ሳህኗን ወደ ትሪው አስጠጋች።