በአፎቱ ላይ ያለው ደም

አሜሪካዊው ካፒቴን ሆራስ ሊንድሊ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለበት አልጋ ላይ አንገቱ እስከ ግማሽ ተቆርጦ ተገኘ። ቆንጨራው አጥንቱ ውስጥ እንደተሰነቀረ ቀርቷል። ደሙ በቀርከሃው ወለል ስንጥቅ እየተንጠባጠበ በምሰሶዎች ላይ ከቆመው ቤት ሥር የታሰሩት ዶሮዎች ላይ ይወርድ ነበር።

የሊናዎ ከተማ የሰላም ዳኛ ዶን ማካርዮ ቪላሬል ተጠርቶ ሲመጣ፣ የአሜሪካኖቹ አዛዥ ኮሎኔል ብራንት ከወደብ ደርሶ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቀው። ቆንጨራው የፋውስቶ ነው። ፋውስቶ ደግሞ ኮኮናት ዛፍ ላይ እየወጣ ከዛፉ ፈሳሽ የሚጠመቀውን ጠጅ የሚቀዳ፣ ለካፒቴኑ ቤትም በየቀኑ ጠጅ የሚያመጣ ሰው ነው። እንግዲህ ገዳዩ ፋውስቶ፣ ላኪው ከተማው በሙሉ! የማታው ደወል ሲደወል ሊናዎ ትቃጠላለች። በዚያ ዓመት አገራችንን ወርረው የያዙት አሜሪካኖች በእኛው ሳማር ደሴት ላይ መንደር ማቃጠልን እንደ ቀላል ነገር ለምደውት ነበር።

«ፋውስቶ የት ነው ያለው?» አለ ዳኛው።

«ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ። ውሃ እያጠጡት ነው።»

ውሃ ማጠጣት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን ሊናዎ ውስጥ የለም። ሰውየውን በጀርባው አስተኝተው፣ አፉን በእንጨት ፈልቅቀው፣ ሆዱ እንደ ከበሮ እስኪነፋ ድረስ በባልዲ ያንቆረቁሩበታል። ከዚያ ሆዱ ላይ ይቆሙበታል። ይህን የሚያደርጉት ሥልጣኔ ሊያስተምሩን ባሕር አቋርጠው የመጡ ሰዎች ናቸው!

«ያስቁሙልኝ፣ ጌታዬ።»

«ሌላ ገዳይ ካለህ አምጣና አስቆማለሁ» አለ ኮሎኔሉ።

«ሰውየው እኮ ይሞታል!»

«እንግዲያው ፈጠን በላ፣ ሽማግሌ።»

የፋውስቶ ሚስት ፔትራ በካፒቴኑ ቤት ደረጃ ሥር የዳኛውን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። «ዶን ማካርዮ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ! ባሌ ዶሮ ማረድ እንኳ የሚፈራ ሰው ነው!»

«ልቀቂኝ የኔ ልጅ። አሁን ካለቀስሽብኝ ዓይኔ አያይልኝም።»

ሊናዎ ውስጥ ስለት ታጥቆ ሰው ቤት መውጣት ነውር ነው። እንግዳ ሁሉ ቆንጨራውን ከነአፎቱ ደረጃው ሥር ካለው ምሰሶ ላይ ይሰቅላል። ፋውስቶም እንደ ወትሮው ሰቅሎ፣ በጓሮ በኩል ጠጁን ይዞ ወደ ማድቤት ገብቷል። የወረደ ሁሉ ሊያነሳው ይችል ነበር።

አፎቱ ከምሰሶው አጠገብ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። ሁለት እንጨት ተጋጥሞ በሐረግ የተጠፈረ ተራ አፎት ነው። ዳኛው አንስቶ አገላበጠው። በስለቱ በኩል ሐረጉ ተበጥሷል፤ መጋጠሚያውም ደም ጠጥቷል። ቀና ብሎ ወደ ላይ ተመለከተ። የካፒቴኑ አልጋ ያለው ከቤቱ ሌላኛው ጫፍ ነው፤ ደሙ እዚህ ድረስ ሊንጠባጠብ አይችልም። አፎቱን በብብቱ ሸጎጠው።

ከካፒቴኑ ጋር ምሳ የበሉት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ዳኛው መጀመሪያ የጦሩን ሐኪም ዶክተር ኤልስዎርዝን ያዘ።

«ምሳ ላይ ምን ተወራ?»

«ካፒቴኑ ጠጥቶ ነበር። ‹በዋሽንግተን ምርመራ ተጀምሯል፤ ቀርቤ የማታግን ነገር እዘረግፈዋለሁ› አለ።»

ማታግ ምርኮኞች ተሰልፈው የተረሸኑባት መንደር ናት።

«አንተን ምን ያስፈራሃል?»

ሐኪሙ ሁለት እጆቹን መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ትክ ብሎ አያቸው። «ምርኮኞቹ በወባ ሞቱ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

የከተማው ሹም ዶን ኢላርዮን ላቡን በሁለት መዳፉ እየጠረገ ነበር የመጣው። «ማካርዮ፣ አንተ ታውቀኛለህ...»

«ስለማውቅህ ነው የምጠይቅህ። ማታግ ድረስ ጦሩን ማን መራው?»

«እኔ። ምን ላድርግ፣ ሽጉጥ ግንባሬ ላይ ደቅነው! ካፒቴኑ ስሜን ቢያወጣ የገዛ ሰዎቻችን ያርዱኝ ነበር።»

ሦስተኛው ሌተናንት ፐርሲ ሃዳዌይ ነበር። ዘና ብሎ ተቀምጦ ሲጃራ ከንፈሩ ላይ ሰካ። የክብሪቱን ቀፎ በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ በቀኝ እጁ ጫረ። በግራ እጁ የፈረስ ጓንት አጥልቋል።

«ማታግ ላይ ተኩሱ ያለው ማን ነው?» አለ ዳኛው።

«እኔ። ታዲያስ? ፕሬዚዳንታችን በቅርቡ ጦርነቱ አብቅቷል ብለው ያውጃሉ። እንዲያበቃ ያደረግነው እኛ ነን፤ የሞተ ሰው አይሸፍትም። ያንን ጠጅ ቀጂ ስቀሉትና እንገላገል።»

«በዚህ ሙቀት ጓንት?»

«ልጓም ላጠኝ።»

«እግዜር ይማርህ» አለ ዳኛውና ብድግ አለ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሁሉም አደባባዩ ላይ ተሰበሰቡ። ሦስቱ ተጠርጣሪዎች ፊት ለፊት ቆሙ፤ የካፒቴኑ ወታደሮች ዙሪያውን ከበቡ። ይህን የለመነው ራሱ ዳኛው ነው፤ «የተገደለው አዛዣቸው ነውና ይስሙ» ብሎ። ላምባ የጠጣው ችቦ ተከምሮ ይጠብቃል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ የባልዲ ድምፅና የሚያጓራ ሰው ይሰማል።

«ጌታዬ፣ መጀመሪያ ያንን ያስቁሙ።»

«መጀመሪያ ተናገር» አለ ኮሎኔሉ።

ዳኛው ተቻኮለ። «ቆንጨራው ካፒቴኑ አንገት ላይ ቀርቷል፤ ወደ አፎቱ አልተመለሰም። አፎቱ ደግሞ ከደረጃው ሥር አላለፈም። ታዲያ ይህ ደም የማን ነው?»

«የዶሮ!» አለ ሃዳዌይ። ማንም አልሳቀም።

«ሳጅን ዱጋን፣ ና ይህንን ቆንጨራ ከአፎቱ ምዘዝ። ቶሎ!»

ዱጋን ከካፒቴኑ ጋር በኩባ የዘመተ ግዙፍ ሰው ነው። ዳኛው ከወገቡ ፈትቶ የሰጠውን ቆንጨራ ተቀበለ፤ አፎቱን በግራ መዳፉ ጨብጦ በቀኙ ሊመዝ ሲል፣ ዳኛው እጁን ለቀም አደረገው።

«ተው! ጣቶችህን ታጣለህ። ኢላርዮን፣ አሳየው።»

ዶን ኢላርዮን አፎቱን ከጀርባው በኩል በተዘረጋ መዳፍ ደግፎ፣ ጣቶቹን ከስለቱ አርቆ ሳብ አደረገው።

«እኛ ከልጅነታችን እንዲህ ነው የምንመዘው» አለ ዳኛው። «ስለቱ በመጋጠሚያው በኩል ነው። ጨብጦ በጥድፊያ የሚመዝ ሰው ስለቱ ሐረጉንም መዳፉንም ይበጥስበታል። እንዲህ የሚሳሳት የሊናዎ ሰው አይወለድም።»

«ግምት ነው» አለ ሃዳዌይ። «ማስረጃ አምጣ! ቀስ ብለህ አስረዳን እንጂ፤ ምን ያጣድፍሃል?»

ፋውስቶ እስኪሞት እያጓተተ መሆኑ ለዳኛው ገብቶታል። «ሳጅን፣ ፋውስቶን ያሰርከው አንተ ነህ። መዳፉ ላይ ቁስል ነበረ?»

«ኧረ የለም። እንደ ኮርቻ የደረቀ እጅ ነው።»

«የኢላርዮንን መዳፎች አሁን ሁላችሁም አያችሁ፤ የሐኪሙንም እኔ አይቻለሁ፤ ንጹሕ ናቸው። የቀረው ክብሪት መያዝ ያቃተው አንድ እጅ ብቻ ነው። ጓንቱን ያውልቅ!»

ሃዳዌይ ቀኝ እጁን ወደ ሽጉጡ ላከ። ዱጋን በሰደፍ ክንዱ ላይ አሳረፈበት፤ አጥንቱ ቀጭ ሲል ተሰማ። ጓንቱን ገፈፉት። መዳፉ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ በክር ሳይሆን በደም ተጣብቋል።

«ኮሎኔል፣ አሁን ያስቁሙ!» ብሎ ጮኸ ዳኛው።

ኮሎኔሉ አፉን ሳይከፍት፣ ከጓሮው አንድ ኮርፖራል ክንዱ እስከ ክርኑ እንደረጠበ እየሮጠ መጣ።

«ጌታዬ! አመነ! ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› አለ!»

ኮርፖራሉ የተሰበሰቡትን ሰዎች ፊት አይቶ ግራ ገባው።

«አሁንስ እንዴት ነው?» አለ ዳኛው።

«ካመነ በኋላ... ሞተ።»

ኮሎኔሉ ሃዳዌይን አየ፤ ኮርፖራሉን አየ። ሲያሰላ ዓይኑ ላይ ይነበብ ነበር። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነፍሰ ገዳዩ ተገኝቷል። ከተማዋ አትቃጠልም። መኮንኑን ወደ መርከብ ውሰዱት፤ ታሟል።»

ፔትራ ሕዝቡን ጥሳ ወጣች። አላለቀሰችም።

«የተገኘው የቱ ነው?» አለች።

ኮሎኔሉ ፊቱን አዞረ። ዱጋን ግን የሃዳዌይን የቆሰለ መዳፍ ይዞ ወደ ላይ አነሳና ጨመቀው፤ ሌተናንቱ እየጮኸ ተንበረከከ።

«ይኸውልሽ፣ እህቴ። እኔም ጓደኞቼም አይተናል። ዋሽንግተን ድረስ ሄደን እንናገራለን።»

ኮሎኔሉ ትእዛዝ ሊሰጥ ዞረ። የወታደሮቹን ፊት ሲያይ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ፔትራ ወደ ጓሮው መሄድ ጀመረች። ሬሳውን ብቻዋን ልትሸከም አትችልምና ዳኛው ተከተላት።